የተሳሳተ የምርመራ ውጤት ለደረሳችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ሙያ ቆይቻለሁ። ከያዝኳቸው ጉዳዮች ሁሉ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው የተረታሁበት አንድ ክስ ነው። አንድ ወጣት ለሥራ ሲወዳደር የሽንት ምርመራ ተደረገለት፤ አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅሟል የሚል ውጤት መጣና ሥራው ቀረበት። አልተጠቀምኩም ሲለኝ አመንኩት። ሕጉን አገላበጥኩ፣ መከራከሪያዬን አሳምሬ ጻፍኩ። ናሙናውን አቆዩልን የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ለላቦራቶሪው መላክ ግን አልታየኝም። ከወራት በኋላ ዳኛው ናሙናው በድጋሚ ይመርመር ብለው ሲያዙ፣ የማቆያ ጊዜው ስላለፈ ተወግዷል የሚል መልስ መጣ። ላቦራቶሪው ደንቡን አልጣሰም። ያ ልጅ የተጎዳው በእኔ ዝንጋታ ነው፤ ይህን የምጽፍላችሁም በእናንተ ላይ እንዳይደገም ነው።

ውጤቱ ተሳስቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጠበቃ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ በዚያው ቀን፣ በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ናሙናው እንዳይወገድ ነው። ሁለተኛው ከውጤቱ ወረቀት በስተኋላ ያለው መዝገብ ነው፤ ናሙናው በስንት ሰዓት እንደተወሰደ፣ ማን ለማን እንዳስረከበው፣ መሣሪያው በዚያን ዕለት የጥራት ቁጥጥር ፍተሻውን ማለፍ አለማለፉን፣ ውጤቱን ማን አይቶ እንደፈረመ። የደብዳቤያችሁን ቅጂ ቀኑ ተጽፎበትና ማኅተም ተደርጎበት ለራሳችሁ አስቀሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ናሙና ሰጥታችሁ ንጹሕ ውጤት ብታገኙ የሚያሳየው የዛሬውን ሰውነታችሁን ነው፤ ተከራካሪያችሁም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ናሙና በሌላ ላቦራቶሪ፣ ከተቻለም በሌላ ዘዴ እንዲታይ ጠይቁ። ለዕፅ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ተቀራራቢ ንጥረ ነገሮችን ሊያምታታ ስለሚችል፣ ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው የሚለየውን ማስ ስፔክትሮሜትሪን በመሰለ ዘዴ ካልተረጋገጠ የመጨረሻ ቃል ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ቀጥሎ የምለው ላያስደስታችሁ ይችላል። የተሳሳተ ውጤት ሁሉ ጥፋት አይደለም። አንድ ምርመራ ከ100 ጤነኞች 99ኙን በትክክል ጤነኛ ናችሁ ይላል እንበል፤ በሽታው የሚይዘው ደግሞ ከ1,000 ሰው አንዱን ብቻ ይሁን። 1,000 ሰው ሲመረመር ከአንዱ ታማሚ ጋር ወደ 10 የሚጠጉ ጤነኞችም በሽታው አለባችሁ ይባላሉ። እዚህ ላይ ያጠፋ ሰው የለም፤ ምርመራው አቅሙ የሚፈቅደውን ያህል ሠርቷል። ጥፋት የሚመጣው ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ማረጋገጫ ሳያዝ የአንድን ሰው ማኅፀን እንዲወጣ ወይም ለወራት ከባድ መድኃኒት እንዲሰጥ ሲወስን ነው። ጥፋት ማለት የሁለት ሰዎች ስም በብልቃጦቻቸው ላይ ተቀያይሮ መለጠፉ ነው። ሲቀዳ ህዋሳቱ የፈረሱበት ደም ፖታሲየምን ከእውነተኛው መጠን በላይ አድርጎ እንደሚያሳይ እየታወቀ፣ ያው ቁጥር እንዳለ ለሐኪም መላኩ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረውም ናሙናው መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ስለ መዝገቡ ደጋግሜ የምወተውታችሁ ለዚህ ነው።

ብዙዎች ወደ ቢሮዬ ሲመጡ “ላቦራቶሪውን የመረጠው አሠሪዬ ነው፤ እኔ ከእሱ ጋር ምን ውል አለኝና ልክሰስ?” ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒው ዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። በአመክሮ ላይ የነበረ አንድ ሰው በምራቅ ምርመራ ዕፅ ተገኝቶብሃል ተብሎ የላቦራቶሪ ድርጅቱን ከሰሰ። ድርጅቱ ውሌ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር እንጂ ከእሱ ጋር አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ውል ባይኖርም ላቦራቶሪው ለሚመረምረው ሰው የጥንቃቄ ግዴታ አለበት ብሎ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። የሁሉም አገር ሕግ እንዲህ አይልም፤ ሆኖም ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚባለው መንገድ መኖሩን ሳትጠይቁ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ጥፋቱን አስረዳችሁ እንበል። ዳኛው ቀጥሎ የሚጠይቀው፣ ውጤቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ ሕይወታችሁ በምን ይለይ ነበር? የሚለውን ነው። ብዙ ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በሽታ ሳይኖርባችሁ አለባችሁ ከተባላችሁ መልሱ በአንጻራዊነት ቀላል ነው፤ የወሰዳችሁት መድኃኒት፣ ያጣችሁት ሥራ፣ የተበተነው ትዳር ይቆጠራል። በሽታ ኖሮባችሁ የለባችሁም ሲባል ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በወቅቱ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ በነበረው በእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት የታየ ጉዳይ ነበር። የተከሰሰው ላቦራቶሪ ሳይሆን እብጠትን አቃልሎ ያየ ሐኪም ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። በመዘግየቱ የታማሚው የመዳን ዕድል ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወረደ። ታማሚው ተረታ፤ ምክንያቱም በጊዜው ቢታወቅም ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር፣ በሕጉ ሚዛን ከመነሻውም የማይድን ሆኖ ተቆጠረ። እኔ ይህን ፍርድ ባነበብኩት ቁጥር እቆጣለሁ። አሥራ ሰባት በመቶ የመዳን ዕድል ለታመመ ሰውና ለልጆቹ ምንም ነው ማለት አይቻልም። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የጠፋ የመዳን ዕድል ራሱ ካሳ ሊከፈልበት የሚገባ ጉዳት ነው ብሎ ወሰነ፤ ለእኔ ፍትሕ ወደዚህ ያደላል። በእናንተ አገር የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁት።

ይርጋን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብም አትርሱ። በአንዳንድ ሕግ የሚቆጠረው ስህተቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በሌላው ደግሞ እናንተ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ። መቼና ከማን እንደሰማችሁ ጽፋችሁ ያዙ።

የወንጀል ክስ ሁሉን ያስተካክላል ብላችሁም አትጠብቁ። ከጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እሠራለሁ ያለው የአሜሪካው ቴራኖስ ኩባንያ መሥራች ኤልዛቤት ሆምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ጥፋተኛ የተባለችው ባለሀብቶችን በማጭበርበር ነው፤ ታማሚዎችን በተመለከቱት ክሶች ነጻ ወጥታለች። በአሪዞና ግዛት የነበሩት የኩባንያው ደንበኞች ገንዘባቸው የተመለሰላቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ በሸማቾች ጥበቃ ሕግ በኩል ባገኘው የ4.65 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው።

ብዙ ጉዳይ በስምምነት ያልቃል፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን በወረቀቱ ውስጥ ስለ ጉዳዩ ለማንም አትናገሩም የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን እዩ። አየርላንዳዊቷ ቪኪ ፌላን እ.ኤ.አ. በ2011 የማኅፀን በር ምርመራ አድርጋ ችግር የለም ተባለች፤ በ2014 ካንሰር ተገኘባት፤ የቀድሞው ውጤት ስህተት እንደነበር የተነገራት ግን በ2017 ነው። በሚያዝያ 2018 በ2.5 ሚሊዮን ዩሮ ስትስማማ ዝም እንድትል የቀረበላትን አንቀጽ አልፈርምም አለች። እሷ በመናገሯ ከ200 የሚበልጡ ሌሎች ሴቶች ጉዳይ ይፋ ወጣ። ልጆች ያሏት፣ በሞት ጥላ ሥር ያለች ሴት ያን ስትወስን ምን እንደተሰማት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ገንዘቡ የግድ ሆኖበት ለፈረመ ሰው ግን አልፈርድም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ጠበቆች ራሳችን የምንዘነጋው ነው። የተሳሳተው ውጤት በፋይል ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። በስምምነቱም ሆነ በፍርዱ ውስጥ መዝገቡ እንዲታረም፣ ውጤቱ ለተላከላቸው ሁሉም፣ ለመድን ድርጅቱም ለአሠሪውም ለሌሎቹ ሐኪሞችም፣ ማረሚያው በጽሑፍ እንዲደርሳቸው አስገቡ። አንዲት ደንበኛዬ ካሳዋን ተቀብላ ከዓመታት በኋላ ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ፣ ነርሷ ያንኑ የሐሰት ውጤት ከፋይሏ ላይ ጮክ ብላ አነበበችላት። ምጥ ላይ ሆና ደወለችልኝ። በዚያው ምሽት ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩ፤ ጠዋት ራሴ ይዤው ሄድኩ።