የማን ልጅ ነህ?

የሮል ፕሌይ ጨዋታ የሚያምረው ከጓደኛ ጋር ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ካራክተር፣ ማለትም በታሪኩ ውስጥ የሚሆኑትን ሰው፣ ይዘው ይጫወታሉ፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይፈርዳል። ካራክተር ስለመፍጠር ከድሬና ከሐረር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለአምስቱ ዛሬ እመልሳለሁ።

ባለ20 ገጽ ዳይስ ፈልጎ ያጣው፣ የጨዋታው ሕግ መጽሐፍም የተወደደበት የከዚራ ልጅ፦ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ጠቅልለህ ከኩባያ አውጣ። የወጣውን ግን መልሰህ ክተት። የታወቀው የሮል ፕሌይ ጨዋታ፣ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ መሠረታዊ ሕግ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ይገኛል። ዝርዝሩን ከዚያ እየው።

አራት ባለ6 ገጽ ዳይስ ጥላ ትንሹን ቀንሳ፣ ለተዋጊዋ የግርማ ሞገስ ነጥብ 6 የደረሳት የመጋላ አንባቢ «ልድገመው?» ትላለች። አትድገሚው። ተራ ሰው 10 ነው። 6 ማለት ሰው ለማሳመን ስትሞክሪ ከጣልሽው ቁጥር 2 ይቀነሳል ማለት ነው። ጎራዴ የምትችል፣ ዋጋ መከራከር ግን የማይሆንላት ሴት አስቢ። ገበያ ስትወጣ ሁሌ ጓደኛ ይዛ ነው። ይህቺን ሴት እኔ ወድጃታለሁ። ዕድል ካስጠላችሁ ሁላችሁም 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8ን ወስዳችሁ ለካራክተራችሁ ችሎታዎች እንደፈለጋችሁ ደልድሉ።

ከጀጎል አንድ ወጣት አምስት ገጽ የካራክተር ታሪክ ልኮልኛል። ወላጆቹ ተገድለዋል፣ መንደሩ ተቃጥሏል፣ ማንንም አያምንም፣ ሌሊት ብቻውን ይሄዳል። ጓደኞቹ ሰልችተውታል። «ምን አጠፋሁ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አምስቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ። ጽሑፍህ ጥሩ ነው። ግን በየደብዳቤው ይህ ወላጅ አልባ ልጅ ይመጣብኛል፤ ስለዚህ ልቤን ልንገርህ። ማንም የሌለውን ሰው ማንም አይጎዳውም። ለዚህ ነው የምንመርጠው። ታሪኩን የሚመራው ልጅ ግን በምን ይያዝህ? የምትፈልጋት እህት የለችህም። የምትፈራው አበዳሪ የለህም።

አንተ ሐረር ነው ያደግከው። በአንዱ በር ገብተህ ሁለት ጠባብ መንገድ ሳታልፍ አንዲት እናት «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ታስቆምሃለች። ስትመልስላት አያትህን አውቃቸው ትገኛለች። ካራክተር ለመፍጠር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። እናቱ አለች? ጎራዴ ማን አስተማረው? የማን ብር አለበት? ከየትኛው ጎረቤት ተኳርፏል፣ በምን? ሐረርን የከበበው የአሚር ኑር ግንብ ጠላት እንዳይገባ የተሠራ ነው፤ ለጅቡ ግን ዝቅ ያለ ቀዳዳ ተትቶለታል። ያንተ ሰው ቀዳዳ የለውም። አንድ ቀዳዳ ክፈትለት።

ብቻህንም አትጻፍ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ቀን ተሰብሰቡ። እያንዳንዱ በቀኙ ካለው ካራክተር ጋር የሚያገናኘውን አንድ ነገር ይናገር፦ ዕዳ፣ ዝምድና፣ አብረው የደበቁት ምስጢር። ካልመጣላችሁ የአንድ አፎቻ፣ እንደ እድር ያለ የሐረሪዎች ማኅበር፣ አባላት ሁኑ። ሰርግም ለቅሶም ላይ መገናኘት ግዴታ ስለሆነ «ለምን አብረን እንሄዳለን?» የሚል አይኖርም። ከአምስቱ ገጽ አምስት መስመር አስቀር፤ በእያንዳንዱ መስመር በሕይወት ያለ ሰው ይኑርበት።

ከለገሃሬ የጻፈው የጨዋታ መሪ፦ አንዱ ተጫዋች ካራክተሩን በሟች ወንድሙ ስም ጠርቶታል። ካራክተሩ ሲቆስል ተጫዋቹ ተነስቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። «ካራክተሩ እንዳይሞት ላድርገው?» ይላል መሪው።

ዳይሱን አስቀምጠው። ይህ የጨዋታ ሕግ ጥያቄ አይደለም። ቤቱ ሂድ፣ ብቻህን። ሻይ ጠጡ። ስሙ እንዲቀጥል ይፈልግ እንደሆነ እሱን ጠይቀው፣ ያለውን አድርግ። እንቅልፍ ካጣ ወይም ከሰው ከራቀ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አለበት። እኔም አንተም የምናክመው ነገር አይደለም። «ይለፍለታል» ብለህ እንዳትተወው። ቀጠሮውን አብረኸው ያዝ፣ እስከ በሩ አብረኸው ሂድ።

«እኔና እህቴ ብቻ ነን፣ ሁለት ሰው ይበቃል?» ይበቃል። አንቺ ምሪ፣ እሷ ትጫወት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተቀያየሩ።