ቱብለስ ጎማ ንፋስ አልቀበል ሲል

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። ባለ 22.5 ኢንች ቱብለስ (የውስጥ ላስቲክ የሌለው) የከባድ መኪና ጎማ ቸርኬው ላይ ገብቶ ንፋስ ስሰጠው በጠርዙ ያመልጣል እንጂ አይሞላም። ኮምፕሬሰሬ እስከ 10 ባር ይሰጣል። አንዳንዶች ቤንዚን ረጭተው በእሳት ያስነሱታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቤንዚኑን ጨርሶ ይተዉት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የእርስዎ ችግር የግፊት ማነስ አይደለም። ጎማውና ቸርኬው መካከል ክፍተት እስካለ ድረስ የገባው ንፋስ ሁሉ ይወጣል፤ 10 ባርም ቢሆን ውስጥ የሚጠራቀም ነገር የለም። ክፍተቱን የሚዘጋው ብዙ ንፋስ ባንድ ጊዜ ሲገባ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የቫልቮላውን (የንፋስ ማስገቢያውን) መርፌ ያውጡ። መርፌው እዚያው ተቀምጦ፣ ቱቦውም ቀጭንና ረጅም ሆኖ የትኛውም ኮምፕሬሰር አያሸንፍም። የኮምፕሬሰሩ ጋን እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ከዚያ አጠር ባለ ሰፊ ቱቦ በአንዴ ይልቀቁት።

ከዚያ በፊት ግን ቸርኬው ይታይ። ጎማው የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉት፤ ዝገቱና የአሮጌው ጎማ ትራፊ ካልተነሳ ዛሬ ቢሞላም ነገ ይተነፍሳል። ቀጥሎ ሁለቱንም የጎማ ጠርዞች ለጎማ በተሠራ ቅባት ወይም በወፍራም ለስላሳ ሳሙና ይለቅልቁ። የሞተር ዘይት፣ ግሪስና ናፍጣ አይነካካው። ጎማውን ያበላሹታል፤ ፍሬን ሲያዝም ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል። ውሃ የበዛበት ዱቄት ሳሙናም ቸርኬውን ያዝገዋል።

ጎማው መሬት ላይ ሲጋደም የታችኛው ጠርዝ በክብደቱ ይገጥማል፤ የሚያስቸግረው የላይኛው ነው። ለዚህ የተሠራ የላስቲክ ቀለበት አለ። በሳሙና ተለቅልቆ ክፍተቱ ላይ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ጎማው ሲነሳ ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያ የተሻለው አፈ ሰፊ የንፋስ ጋን ነው። ጋኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳያልፉ ይሙሉት፤ ቫልቮላው በቱቦ ንፋስ እየተቀበለ ሳለ የጋኑን አፍ ክፍተቱ ላይ አስጠግተው ይክፈቱት። ወደ ኋላ ስለሚመታ በሁለት እጅ ጥብቅ አድርገው ይያዙት፣ ፊትዎንም ከላዩ ያርቁ። ጎማውን በገመድ ወይም በቀበቶ ዙሪያውን ማጥበቅ ግን ለከባድ ራዲያል ጎማ ብዙም አይረዳም። መርገጫው ሥር ያለው የብረት ሽቦ አይጨመቅም።

ጠርዞቹ ሲገቡ «ጧ» የሚል ድምፅ ሁለቴ ይሰማል። 40 ፒኤስአይ (2.8 ባር ገደማ) ደርሶ ካልተሰማ አይግፉት፤ አስተንፍሰው፣ ሳሙና ጨምረው እንደገና ይሞክሩ። ጎማው ጎን ላይ፣ ቸርኬው አጠገብ፣ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ከቸርኬው ያላት ርቀት በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ በትክክል ተቀምጧል። አሁን ንፋሱን ለቀው መርፌውን ይመልሱና ጎማውን ቢፈነዳ ሰው እንዳይጎዳ የሚከልል የብረት ቅርጫት ውስጥ ያስገቡ። የቱቦው አፍ ቫልቮላውን ራሱ ነክሶ የሚይዝ ይሁን፤ መለኪያውና መክፈቻው ደግሞ 3 ሜትር ያህል ርቆ እጅዎ ላይ ይሁን። 20 ፒኤስአይ ላይ ቆም ብለው ጎኑን ይመልከቱ፣ ያድምጡም። እብጠት ወይም የመንጣጣት ድምፅ ከሌለ ወደሚፈለገው ግፊት ይቀጥሉ። ቅርጫት ውስጥ ነው ብሎ መደገፍ ወይም ከጎማው ጎን ፊት ለፊት መቆም አይገባም።

ወደ ቤንዚኑ ስንመለስ፦ ፍንዳታው ምን ያህል ግፊት እንደሚፈጥር ማንም አይቆጣጠረውም። ቱብለስ ጎማ ንፋስ የሚይዘው በውስጠኛው ስስ ሽፋን ነው፤ እሳቱ እሱን ይጎዳዋል። ሳይቃጠል የቀረው ተን ደግሞ ውስጥ ይታሸግና በኋላ አንዱ ቸርኬውን ሊበይድ ሲነካው ይነሳል። ቤንዚን ባይነካውም እንኳ ጎማ የተገጠመበት ቸርኬ፣ ተንፍሶም ቢሆን፣ አይበየድም።

ጥያቄ፦ ከጂቡቲ ጭኜ ባቲ ስደርስ ከኋላ ጥንድ ጎማዎች የውስጠኛው ተንፍሶ አገኘሁት። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩበት አላውቅም። እዚያው አስነፍቼ እስከ ኮምቦልቻ ብነዳው?

መልስ፦ አይንፉት። መቀየሪያ ጎማውን አስገብተው ይቀጥሉ። ጎማ ከሚገባው ግፊት ከ80 በመቶ በታች ሆኖ ከተነዳ ወልቆ ውስጡ ሳይታይ አይሞላም፤ 120 ፒኤስአይ የሚፈልግ ጎማ 96 እንኳ ሳይኖረው ከተነዳ ማለት ነው። ጎኑ ውስጥ ያሉት የብረት ሽቦዎች በየዙሩ እየታጠፉ ይደክማሉ። ሽቦ በእጅ ደጋግመው ሲያጣጥፉት እንደሚበጠስ ማለት ነው። አደጋው የሚመጣው ንፋስ በሚሞላበት ሰዓት ነው፤ የጎማው ጎን እንደ ዚፕ ይቀደድና አጠገቡ ያለን ሰው ይገድላል።

ሲወልቅ ውስጡ እንደተፈጨ ቡና ያለ የጎማ ዱቄት ከተገኘ፣ ሽፋኑ ከተሸበሸበ፣ ወይም ጎኑ በጣት ሲጫን አንድ ቦታ ላይ ከሰረጎደ ያ ጎማ ከእንግዲህ አይሠራም። የውጭኛውም መታየት አለበት፤ የሁለቱን ሸክም ለብቻው ተሸክሞ መጥቷል። ዳዶዎቹን ከማላላትዎ በፊት የሁለቱንም ቫልቮላ መርፌ አውጥተው ንፋሱን ይልቀቁ። ወደፊት ደግሞ የውስጠኛውን ጎማ በዱላ መትቶ ማለፍ አይበቃም፤ በመለኪያ ይለካ።

ጥያቄ፦ ሚሌ ላይ ሁሉንም 120 አስሞልቼ አደርኩ ደሴ፤ ጠዋት 113 ሆኑ። ይተነፍሳሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ሁሉም እኩል ከወረዱ ብርዱ ነው። ሚሌ በ38 ዲግሪ የተሞላ ጎማ ደሴ በ15 ዲግሪ ሲያድር 10 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ይሳሳና መለኪያው 3 ያህሉን መልሶ ያሳያል። ስለዚህ 113 የሚጠበቅ ነው። አንዱ ብቻ 105 ካለ ግን የሳሙና ውሃ ይዘው ቫልቮላውንና የቸርኬውን ዙሪያ ይፈትሹ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ በፍሬኑ ሙቀት ንባቡ ከፍ ይላል፤ ያኔ ንፋስ አይቀንሱ። መኪናው 3 ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚለኩት ነው ትክክለኛው።