«ጋሼ፣ የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?»

ባለፈው ሰሞን የጓደኛዬ ልጅ ከሲያትል ደወለልኝ። በሐምሌ ከጓደኞቹ ጋር አላስካ ሊመጣ ነው። ኪናይ አካባቢ ድንኳን ተሸክመው ስድስት ቀን በእግር ሊጓዙ አስበዋል። ሰላምታውን ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ለድብ የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?» አለኝ። በመጠየቁ ደስ አለኝ። በስልክ የሰጠሁት መልስ ግን አጥጋቢ አልነበረም። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ጫካ መግባት ለምትወዱት ለሌሎቻችሁም ልጻፍ።

እኔ ቀያሽ ነበርኩ። አላስካ ውስጥ 24 ዓመት መሬት ስለካ ኖሬያለሁ። ሥራችን መንገድ የሌለበት ቦታ ነው። ጀልባ ወይም ሄሊኮፕተር ያደርሰናል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ቡናማ ድብ ያየሁባቸውን ቀኖች መቁጠር ከተውኩ ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ድብ ላይ አልተኮስኩም። ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥለውን የድብ ማባረሪያ ስፕሬይ ግን አንድ ጊዜ ረጭቻለሁ።

ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው። የአባቴ ምንሽር ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። እኛ ልጆቹ በዓይናችን እንጂ በእጃችን አንነካውም። መሣሪያ የወንድ ክብር ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ግን ማሳ ሲወርድም፣ ሌሊት ጅብ ሲያባርርም የሚይዘው ሽመሉን ነበር። ያንን ያስተዋልኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። አላስካ የገባሁት ክብሩን ብቻ ይዤ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ፎርቲ ፎር ማግነም ግዛ» አለኝ። ከ1955 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ኃይለኛ ነው። ሽጉጡ ከበሮው እየዞረ ስድስት የሚተኩስ ሪቮልቨር ነው። ጥይቱን ጎርሶ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ገዛሁት። ወገቤ ላይ ሳስረው ግን የቦርሳዬ መታጠቂያ በላዩ ላይ ይመጣል። ስራመድ ዳሌዬን ይፈትገኛል። በሦስተኛው ቀን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ሳምንት ሳልመን ዓሣ በሚወጣበት አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር እየሄድን ነው። ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። የውሃው ጩኸት ድምፃችንን ውጦታል፣ ነፋሱም ከፊታችን ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የበሰበሰ ዓሣ ሸተተኝ። ያኔ መቆም ነበረብኝ። ከሃያ እርምጃ ላይ ሣሩ ተነሣ። ድቡ ነው። ውሃ ከአገጩ ይንጠባጠባል። መንጋጋውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ በአፍንጫው እፍ እፍ ይላል። እጄ ወደ ወገቤ ሄደ። ምንም የለም። ሽጉጡ ከዝናብ ልብሴና ከምሳዬ ሥር ነው። አንዱን የቦርሳ ማንገቻ አወለቅኩ፣ ቦርሳው በአንድ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አብሮኝ የነበረው ሽማግሌ ስፕሬዩን በእጁ ይዟል፣ መጠበቂያውንም አውልቋል። አልሮጠም። ዝግ ባለ ድምፅ ድቡን እያናገረ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደኝ። ድቡ ጎኑን ሰጠን፣ ትንሽ ቆየና ወደ ቁጥቋጦው ገባ። እግሬ መንቀጥቀጥ የጀመረው ድቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ልጆቼ፣ የሽጉጥ ምርጫ ላይ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጥይቱ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ ቦርሳ ተሸክማችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ዝናብ እየመታችሁ፣ መሣሪያው በሁለት ሰከንድ ውስጥ እጃችሁ ይገባል ወይ? ድብ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ሠላሳ ሜትር ላይ ከተነሣባችሁ «በስመ አብ» ብላችሁ ሳትጨርሱ ይደርሳል። ቦርሳ ውስጥ ያለ መሣሪያ እንደሌለ ቁጠሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ የምላችሁ ስፕሬዩን ግዙ ነው። ውስጡ ያለው ካፕሳይሲን ነው፣ ሚጥሚጣን ሚጥሚጣ ያደረገው ያው ነገር። ከ7 እስከ 10 ሜትር ድረስ ደመና ይሠራል። እንደ ሽጉጥ ነጥብ መምታት አይጠይቅም። ድቡ አይሞትም፣ በስህተት ጓደኛችሁ ላይ ብትረጩትም ያቃጥለዋል እንጂ አይገድለውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድንኳን ውስጥ ሌሊት ደንግጦ የሚተኩስ ልጅ እኔን ከድብ በላይ ያስፈራኛል። ስትገዙ ለድብ ተብሎ የተሠራውን ትልቁን ቆርቆሮ ግዙ። ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ ለዚህ አይሆንም። እንደ ትንኝ መከላከያም ልብስና ድንኳን ላይ አትርጩት። መሬት ላይ የቀረው ሽታ ድብን ይስባል።

ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ የሚባሉ የድብ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለቱንም በአላስካ አጥንተዋል። በ2008 ያወጡት ጥናት ከ1985 እስከ 2006 ስፕሬይ የተረጨባቸውን 83 አጋጣሚዎች ያያል። ቡናማ ድብ ላይ 92 በመቶው ሠርቷል። በ2012 ደግሞ መሣሪያ የተያዘባቸውን 269 አጋጣሚዎች አዩ። ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ጠመንጃ 76 በመቶ ሠርቷል። ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ስላልሆኑ 92ን ከ84 ጋር አቻ አድርጋችሁ አታስቀምጡ። እኔን የያዘኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። መሣሪያ ከያዙት መካከል የተኮሱትና ያልተኮሱት የመጎዳት ዕድላቸው አልተለያየም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «አይ፣ ሽጉጥም እፈልጋለሁ» ብትሉ አልቆጣም። እኔም ስፕሬይ ወገቤ ላይ፣ ሽጉጥ ደረቴ ላይ አድርጌ ነው ጡረታ የወጣሁት። ማግነሙን ከሸጥኩ በኋላ የያዝኩት ግሎክ 20 ነው። ቴን ሚሊ ሜትር የሚባለውን ጥይት ይተኩሳል፣ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል። የዴንማርክ ጦር ግሪንላንድ ላይ በውሻ ጋሪ የሚያሰማራው የሲሪየስ ጓድም የዋልታ ድብን ፈርቶ የሚይዘው ይህንኑ ነው። ማግነሙ የበለጠ ኃይል አለው፣ አልክድም። ግን ሲተኮስ ክንዴን ወደ ሰማይ ያነሣዋል። ሁለተኛውን ጥይት ወደ ዒላማው እስክመልስ ሁለቱ ሰከንድ አልቋል። እጃችሁ ከእኔ ይበረታ ይሆናል። ሳትገዙ በፊት የተኩስ ልምምድ ቦታ ሂዱ፣ ሁለቱንም ተከራይታችሁ ሞክሩ። በፍጥነት ደጋግማችሁ የምትመቱበት እሱ የእናንተ ነው። ጥይቱም ለሰው መከላከያ የሚሸጠው ሲመታ የሚከፈተው አይሁን። ጠንካራ እርሳስ ያለው፣ ወፍራም ጡንቻና አጥንት የሚበሳው ነው የሚያስፈልገው። የሽጉጡ ማህደር ደግሞ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ደረት ላይ የሚታሰረው የቦርሳ መታጠቂያ አይነካውም፣ ስትቀመጡም ስትተኙም አብሯችሁ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ በጥቅሉ ተከልክሏል። የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የጓደኛን ሽጉጥ ለአንድ ቀን ቦርሳ ውስጥ መያዝም መያዝ ነው። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። ነገር ግን ዜግነት ያላገኘ ሰው በመሣሪያ ሕግ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። ስንት ዓመት የተለፋበት ወረቀት ነው! ከመግዛታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

«አላስካ ስደርስ እገዛለሁ» ማለትም አይሠራም። ሽጉጥ ከሱቅ የሚገዛው ነዋሪ በሆናችሁበት ስቴት ነው፣ ዕድሜም 21 መሙላት አለበት። በአውሮፕላን ሲሄድ ጥይት ሳይጎርስ፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን፣ በሚጫነው ሻንጣ፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ ነው። የድብ ስፕሬይ ግን በእጅም በሻንጣም አይገባም። እዚህ ስትደርሱ ግዙት። በመኪና የምትመጡ በካናዳ ነው የምታልፉት፣ ሽጉጥ ይዛችሁ ያ ድንበር ላይ አትድረሱ። ብሔራዊ ፓርኮች ከ2010 ጀምሮ የየስቴቱን ሕግ ተከትሎ መያዝ ፈቅደዋል። የጎብኚዎች ማእከሉ ሕንፃ ውስጥ ግን ይዞ መግባት ክልክል ነው።

አላስካ ውስጥ ራስን ለማዳን ድብ የገደለ ሰው ቆዳውን ከነጥፍሩና የራስ ቅሉን አውጥቶ ለስቴቱ ያስረክባል። በ15 ቀን ውስጥም የጽሑፍ ሪፖርት ያቀርባል። ሌላ ድብ ሊመጣ በሚችልበት ጫካ፣ ደም ውስጥ ተንበርክኮ ድብ መግፈፍ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ነግሮኛል። ሲያወራ እጁን ደጋግሞ ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር።

ከዚህ የምትመለሱት ደግሞ ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ ታናናሽ ወንድምና እህት፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አላችሁ። ድብ ያለበት ጫካ በዓመት ስድስት ቀን ነው የምትሄዱት። ሽጉጡ የቀረውን 359 ቀን እቤት ነው የሚያድረው። ለብረት ካዝና የሚሆን ገንዘብ ካልተረፋችሁ ሽጉጡን አትግዙ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ የሚባል ነገር አልሰማም። አባቴ ምንሽሩን ምሰሶ ላይ ይስቀል እንጂ ጥይቱን የት እንደሚያስቀምጥ እስኪሞት ድረስ አላወቅንም።

አንተ የሲያትሉ ልጅ፣ የመጣህ ቀን በቀጥታ ወደ እኔ ና። ጊዜ ያለፈባቸው ሦስት የስፕሬይ ቆርቆሮዎች አሉኝ። ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን ሜዳ ላይ እንረጫቸዋለን። ቦርሳህን እንደ ተሸከምክ፣ ጓንትህን እንዳደረግክ ነው የምትረጨው። እኔ ሰዓት እይዛለሁ።