ስለ ጥልፍ፣ ስለ ጠላፊዎችና ስለ ዲዛይነሮች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከጠላፊዎችና ከሸማኔዎች ጋር ልብስ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ወርክሾፓችን ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አራት ኪሎ ገብተናል። ዲዛይነሮች ከባለ እጆች ጋር ሆነው ዘመናዊና ዘላቂ ልብስ ስለሚሠሩበት መንገድ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው መልሶቼ።

ጥለትና ጥልፍ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ጥለት ሸማው ገና በሽመና ላይ እያለ ሸማኔው ባለቀለም ክር እያስገባ የሚያወጣው ነው። ጥልፍ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ወይም በመኪና ይሠራል። ጥልፍ ካልተዋጠላችሁ ይፈታል፣ ጥለት ግን አንዴ ከተሸመነ አለቀ። ይህን ሳይለዩ ሽሮ ሜዳ የሚወጡ ዲዛይነሮች ሁለቱንም ባለሙያ ያደክማሉ።

ዲዛይኔን ጨርሼ ለጠላፊ ብሰጥ ምን ችግር አለው?

እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነበር። አንድ ጊዜ ለመልስ የሚለበስ አጭር ኮት ነድፌ፣ ደረቱን የሚሞላ መስቀል ሥዬበት፣ ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ሲጠልፉ ለኖሩ እናት ወሰድኩ። ወረቀቱን አየት አድርገው አስቀመጡት። ጨርቁን ገልብጠው ወደ መስኮቱ ያዙና በአውራ ጣታቸው ድሩን ገፋ ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ ሸማ ስስ ነው። እዚህ ላይ ይሄን ሁሉ ክር ከጫንሽበት ይጨማደዳል» አሉኝ። ቀጥለው የእጅጌውን ጫፍ አጠፉት፤ ጨርቁ እዚያ ድርብ ነው፣ ክሩን ይሸከማል። በእርሳስ ሳይነድፉ ድር እየቆጠሩ ትንሽ መስቀል አወጡ። ኮቱ የተሸጠው በዚያ እጅጌ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ ምንም ሳልጨርስ ነው እሳቸው ዘንድ የምሄደው። የዲዛይኑ ግማሽ የሳቸው ነው፣ ክፍያውም እንደዚያው።

ክፍያው በቀን ነው በቁራጭ?

ለናሙና በቀን፣ ለትእዛዝ በቁራጭ። ናሙና ላይ መፍታትና እንደገና መጥለፍ አለ፤ በቁራጭ ከከፈላችሁ ኪሳራውን የምትሸከመው ጠላፊዋ ናት። ክሩን እኔ እገዛለሁ፣ ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ እሰጣለሁ። ለፋሲካ የሚደርስ ሥራ ካላችሁ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እዘዙ። ጥጡ ንጹሕ፣ ቀለሙ ከዕፅዋት ነው ብለን «ዘላቂ» የሚል ወረቀት እንለጥፋለን። ጠላፊዋ በዓል ደረሰ ተብላ ሌሊቱን በአምፖል ዓይኗን ስትጨርስ ካደረች ያ ልብስ ለእኔ ዘላቂ አይደለም። ሕፃናት የሚሸምኑበት ቤት ካያችሁ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ውጡ።

የመኪና ጥልፍ ነውር ነው?

በፍጹም። ጨርቁን በእጃቸው እየመሩ በመኪና የሚጠልፉ ባለሙያዎች አሉ፣ ትልቅ ችሎታ ነው። የእጅ ነው ብላችሁ አትሽጡት እንጂ። ለመለየት ገልብጡት፤ የመኪናው ከታች የራሱ ክር በወጥነት ይሄዳል፣ የእጁ ቋጠሮና ዝላይ ይታይበታል።

ንድፉን ሌላ ቢገለብጠውስ?

የሜክሲኮን ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይዋ ዲዛይነር ኢዛቤል ማራንት ያወጣችው ሸሚዝ በኦሃካ ግዛት የሚገኘውን የትላዊቶልቴፔክን ነባር ማኅበረሰብ ጥልፍ ወስዷል ተብሎ ትልቅ ቁጣ ተነሣ። በ2019 የሜክሲኮ የባህል ሚኒስትር ስለ ተመሳሳይ ጉዳይ ለካሮሊና ሄሬራ ፋሽን ቤት ደብዳቤ ጻፉ። በ2022 የነባር ሕዝቦችን ባህላዊ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ጥልፉ የማኅበረሰቡ የጋራ ሀብት ነው፣ ሳያስፈቅዱ መነገድ አይቻልም የሚል።

እኛ ጋ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ ገብቶ ገበያውን ከሸማኔው ጋር ይሻማል። እያንዳንዳችን ዛሬውኑ ማድረግ የምንችለው የባለሙያውን ስም፣ ከፈቀደ፣ ልብሱ ላይ መጻፍ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡን ብንተው እንኳ በስማቸው መጥራቱን ገና አልለመድነውም፣ ይህ ያሳዝነኛል።

በዚህ መንገድ ወደ ውጭ የወጣ አለ?

ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው የአገራችን ሸማኔዎች ገበያ አጥተው አይታ ነው። የእጅ ሽመናውን እንዳለ ይዛ ለባሕር ዳርቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቀሚስ አደረገችው። ቅዱን እዩት፣ ብዙ ያስተምራል።

በእርድ የተነከረ ክር እንዴት ይሆናል?

ያምራል፣ ግን ፀሐይ ቶሎ ይወስደዋል። ለውስጥ ገበር አድርጉት።

ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብም ሱቅም የለኝም። ከምን ልጀምር?

ከአንድ ልብስ። የእጅ ሸማ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ቅድ አትምረጪ። ስትገዢው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው፣ ይሰበሰባልና፤ ጥላ ላይ አድርቂው። ከዚያ መቀስ ሳታነሺ ጨርቁን ይዘሽ ጠላፊዋ ዘንድ ሂጂና የት ላይ ብትጠልፍ እንደሚሻላት ጠይቂያት።