ፍሮንትኤንድ ልጀምር ወይስ ባክኤንድ?

«ፍሮንትኤንድና ባክኤንድ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከየቱ ልጀምር? ያለኝ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ሒሳብም ብዙ አልችልም» ብላ ለጠየቀችው እህታችን ነው የምጽፈው። በሁለቱም በኩል ሠርቻለሁ። አሁን የምውለው ባክኤንድ ላይ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

«የሚታየው ፍሮንትኤንድ፣ የማይታየው ባክኤንድ» የሚለውን በየቪዲዮው ሰምተሽው ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ኮድ መጻፍ ስትጀምሪ ብዙ አይረዳሽም። እኔ ለጀማሪ የምነግረው ሌላ ነው፦ ኮዱ የሚሠራው ማን ጋ ባለ ማሽን ላይ ነው? ፍሮንትኤንድ ተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ፣ በብሮውዘሩ (ድረ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ክሮም) ውስጥ ይሠራል። ባክኤንድ አንቺ በምታዢው ሰርቨር፣ ማለትም ለተጠቃሚዎች ጥያቄ መልስ በሚሰጥ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ በደንብ ከቆምሽ ሌላው ይከተላል።

አሁኑኑ ሞክሪው። ላፕቶፕሽ ላይ ክሮምን ክፈቺና አንድ ዕቃ የሚሸጥበት ገጽ ግቢ። ዋጋው ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ኢንስፔክት የሚለውን ምረጪ። 4,500 ብር የሚለውን ሁለቴ ተጫኚና 45 ብለሽ ጻፊበት። ገጹ ላይ ዕቃው 45 ብር ሆነ! ሪፍሬሽ ስታደርጊው ግን 4,500 ተመልሶ ቁጭ ይላል። የነካሽው አንቺ ጋ የመጣውን ቅጂ ብቻ ነዋ። ዋናው ዋጋ ሰርቨሩ በሚጠቀምበት ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ ነው፤ እሱ ጋ አልደረስሽም።

አንድ ጊዜ የአንድ አነስተኛ ሱቅ ዌብሳይት እንዳየው ተጠይቄ ነበር። ጠቅላላ ሒሳቡን የሚደምረው ብሮውዘሩ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ የተላከለትን ድምር እንዳለ ተቀብሎ ትዕዛዙን ይመዘግባል። ትንሽ የሚያውቅ ሰው ድምሩን ቀይሮ ቢልከው ማን ይከለክለዋል? መሆን ያለበት ብሮውዘሩ የዕቃውን መለያና ብዛቱን ብቻ እንዲልክ ነው። ዋጋውን ሰርቨሩ ራሱ ከዳታቤዝ አውጥቶ ያስላ። የስልክ ቁጥርም እንደዚያው ነው። በ09 ወይም በ07 ጀምሮ 10 አሃዝ መሙላቱን ፍሮንትኤንዱ ቶሎ ቢያየው ተጠቃሚው አይንገላታም። ባክኤንዱ ግን ምንም እንዳልተፈተሸ ቆጥሮ እንደገና ይፈትሽ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብትለምጂው ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚማረው።

ብዙዎች «ጃቫስክሪፕት የየቱ ነው?» ብለው ይደናገራሉ። በ1995 ኔትስኬፕ ለሚባለው ብሮውዘር የተሠራ ቋንቋ ነው። በ2009 ከብሮውዘር ውጪ የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ ሲመጣ ሰርቨር ላይም እንደ ልብ መጠቀም ተለመደ። ስለዚህ ቋንቋው አይደለም የሚለያቸው። ያው ቋንቋ በሁለቱም በኩል ይሠራል።

ከየቱ ልጀምር ላልሽው፦ ከኤችቲኤምኤልና (የገጹ ይዘትና አወቃቀር) ከሲኤስኤስ (መልኩ)፣ ከዚያ ትንሽ ጃቫስክሪፕት። የጻፍሽውን ወዲያው በዓይንሽ ስለምታዪው ተስፋ አትቆርጪም። ግን እባክሽ ቶሎ ወደ ሪአክት (የጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ መሣሪያ) አትሩጪ። ከዚያ በፊት አንድ ትንሽ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥሪ። ለምሳሌ የሰፈራችሁን ዕድር የአባላት መዝገብ። ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ቀን፣ የወር መዋጮ። አንድ ፎርም፣ አንድ ዝርዝር፣ አንድ መፈለጊያ ሳጥን። ሎጎውና ቀለሙ ይቆይ።

ፎርሙ ሲያልቅ ኤፍ 12ን ተጫኚና ኔትወርክ የሚለውን ክፈቺ። ከዚያ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍሽን ንኪ። አንድ አዲስ መስመር ብቅ ይላል። እሱን ስትጫኚው ብሮውዘሩ ምን እንደላከ፣ ሰርቨሩም ምን እንደመለሰ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ስታተስ የምትባለውን ቁጥር እያት። 200 ከሆነ ሰርቨሩ ጥያቄሽን ተቀብሎ በደህና መልሷል። በ4 የሚጀምር ከሆነ ሰርቨሩ የላክሽውን አልተቀበለም፤ 404 ከሆነ አድራሻው የለም፣ 401 ከሆነ ሎግኢን አላደረግሽም። በ5 ከጀመረ ሰርቨሩ ራሱ ተሰናክሏል፤ የባክኤንድ ኮድሽን ተመልከቺ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። ስንት ሰው ችግሩ ባክኤንድ ላይ ሆኖ ሲኤስኤስ ሲጎረጉር ያመሻል!

የዕድሩን መዝገብ የመረጥኩልሽ በምክንያት ነው። አባላቱ ቀን የሚነግሩሽ በኛ አቆጣጠር ነው፤ የብሮውዘሩ የቀን መምረጫ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን የለውም። ምን ታደርጊያለሽ? ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጪ፤ ለሰው ስታሳዪ በኛ ቀይሪው። መስከረም 1 ቀን 2018 ብሎ የነገረሽ አባል ዳታቤዙ ውስጥ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ሆኖ ይቀመጣል። ቀን ማበላለጥና ክፍያ ያለፈበትን መለየት ያኔ ይቀልልሻል። ማሳየቱ የፍሮንትኤንድ፣ ማስቀመጡ የባክኤንድ ሥራ ነው።

ፍለጋውማ ገና ነው። ጸሐፊው አባሏን «ፀሐይ» ብሎ መዝግቧታል። ገንዘብ ያዡ «ጸሃይ» ብሎ ይፈልጋል። ዳታቤዙ «የለችም» ይላል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ጸ እና ፀ፣ ሐ እና ሃ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። መፍትሔው ባክኤንድ ላይ ነው። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጪው፤ ከጎኑ ደግሞ ሞክሼ ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት የቀየርሽበት ሌላ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ይኑር። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው መንገድ ቀይረሽ ከዚያ ኮለም ጋር አመሳክሪ። ይህን ራስሽ ስትሠሪ ባክኤንድ ምን እንደሚያደርግ ከነምክንያቱ ይገባሻል።

ያኔ የቱ እንደሚስብሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ፎርሙ በትንሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ እንዴት ቶሎ እንደሚከፈት ሲያሳስብሽ ካደረ ፍሮንትኤንድ ይሆንሻል። ዝርዝሩ 50 ሺህ ሰው ቢሆን ፍለጋው እንዴት ይፈጥናል ብለሽ ካሰብሽ የኔ ጎራ፣ የባክኤንድ ሰው ነሽ።

ሒሳቡ አያስፈራሽ። ለዚህ ሥራ መደመር፣ ማባዛትና «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» ብሎ በቅደም ተከተል ማሰብ ይበቃል። 4 ጊጋውም ይበቃል፤ ቪኤስ ኮድ የሚባለውን የኮድ መጻፊያና ጥቂት የብሮውዘር ታብ ብቻ ክፈቺ። ለባክኤንዱ ፓይተን የሚባለውን ቋንቋና በሱ ዌብ መሥሪያ የሆነውን ፍላስክን ተጠቀሚ፤ ለዳታቤዝ ኤስኪውላይት በቂ ነው፤ አንድ ፋይል ነው፣ ለብቻው የሚነሳ ሰርቨር አይፈልግም። አንዴ ከጫንሻቸው በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ትሠሪያለሽ። ፕሮግራሞችን ከነሚያስፈልጋቸው ለይቶ የሚያስኬደውን ዶከርን ለጊዜው ተዪው፤ ላፕቶፕሽን ያንቀው ይሆናል።

ፎርሙ አልላክ ካለሽ የኔትወርኩን መስመር ስክሪንሾት አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ቁጥሩ፣ የላክሽውና የተመለሰልሽ መልስ ይታይ፤ የአባላቱን ስምና ስልክ ግን ሸፍኚ።