አማቶችሽን ይዘሽ ባሕር ዳር ከመምጣትሽ በፊት፦ የጋይድና የሱቅ ነገር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይኸው ነው፦ የባለቤትሽን አባትና እናት ከጀርመን ይዘሽ ለሦስት ቀን ባሕር ዳር ትመጫለሽ፤ ዘጌንና ጢስ ዓባይን ታሳያቸዋለሽ፤ ጋይዱ በየስጦታ ዕቃ ሱቁ እንዳያዞራችሁ ምን ይሻላል? አንዳንዶች «አማርኛ ትችይ የለ፣ ጋይድ ምን ያደርግልሻል» ብለውሻል። በአማርኛሽ አትመኪ። ከኋላሽ ሁለት ፈረንጅ እስከቆመ ድረስ ዋጋው የሚጠራው ለእነሱ ነው። እንዲያውም ባለሱቁ አንቺኑ ጋይድ መስለሽው ድርሻሽን በጎን ቢነግርሽ አይግረምሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡ ይግባሽ። አንድ ጋቢ ተሽጦ ባለሱቁ እጅ 700 ብር ከገባ ይበቃዋል እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። ለጋይዱ 20፣ ለሾፌሩ 10 ከመቶ ቃል ገብቷል። ብዙ ሰው 700 ላይ 30 ከመቶ ደምሮ 910 ይላል። ኮሚሽኑ ግን የሚቆረጠው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ 700 እንዲተርፈው 1,000 መሸጥ አለበት። 1,000 ለመሸጥ 1,500 ይጠራል። እንግዳው «500 አስቀነስኩ» ብሎ ፊቱ በርቶ ይወጣል። ክርክር የሚያወርደው ለክርክር ተብሎ የተጫነውን ብቻ ነው፤ የጋይዱን 200 እና የሾፌሩን 100 አይነካም።

ምልክቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ጋይዱ ከእናንተ ቀድሞ ይገባል፤ ስትከራከሩ ስልኩን ይነካካል ወይም ውጭ ውጭውን ያያል። ከፍላችሁ፣ መኪና ገብታችሁ፣ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ «መነጽሬን ረሳሁ» ብሎ ይመለሳል። ሦስት ደቂቃ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። በደብተር የሚይዙም አሉ፤ የታርጋ ቁጥር ተጽፎ ማታ ይተሳሰባሉ።

ብልሃት መስሎ ብር የሚያስበላው ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ «ዛሬ ከጋይዱ ጋር እንይ፣ ነገ ብቻችንን ተመልሰን በርካሽ እንገዛለን።» ሻጩ ፊታችሁን አይረሳም። ጋይዱም ማታውኑ ደውሎ «ነገ ይመጣሉ» ብሎታል፤ ድርሻው ተይዞለታል። የምትገዢበት ሱቅ ጋይዱ ከእናንተ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ያልረገጠው ይሁን።

ስለዚህ፦

1ኛ) ውሉን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሺ፣ ሾፌሩ እየሰማ። «ሱቅ የለም፣ ሸማኔ ቤት የለም፣ የባህል ማዕከል የለም፣ ለቡናም የምንቆመው እኛ ስንል ነው» በይው። ጋይዱን ብቻ ብታስማሚ ሾፌሩ «ጎማ ላሳይ» ብሎ ሱቁ በር ላይ ያቆማል። ከዚያ የቀን ክፍያው ላይ ጨምሪለት፣ ከፊሉንም በመጨረሻው ቀን ስጪው። «ለምን እጨምራለሁ?» የምትሉ አላችሁ፤ ክረምቱን ያለ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው የቀን ክፍያው ከተቆራረጠበት ጉድለቱን ከእንግዳው ቦርሳ ይሞላል። ባጅ ያለውን ያዢ፤ ግን ባጅ ሱቅ ከመውሰድ አያድንም።

2ኛ) ጀልባ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የሚጠብቅበት ሰዓት ተካቷል? የትኞቹ ገዳማት? «ዘጌ» ብቻ አይበቃም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ብለሽ በስም ጥሪ። የመግቢያ ክፍያ ለየገዳሙ ለብቻው ነው፤ ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነም አስቀድመሽ ጠይቂ። ክብራን ገብርኤልን ጨምሮ ዋጋ ከጠራ አስቀንሺ፤ ሴት አይገባም፣ አንቺና አማትሽ ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትጠብቁት። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ዑራ ስትወጡ መንገዱ ዳር ዳሩን ሻጭ ነው። ጋይዱ «እዚህ አትግዙ፣ ከተማ ጥሩ ሱቅ አሳያችኋለሁ» ካለ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ። ከወደዳችሁ ስትመለሱ ግዙ፣ ዝርዝር ብር ይዛችሁ።

3ኛ) ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፏፏቴው ከሱቅ ጋር ምን አገናኘው ትይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎች የተሠሩት ውኃውን ከፏፏቴው በላይ እንዲጠልፉ ነው፤ በበጋ ፏፏቴው ይከሳል። ፏፏቴው ሲከሳ ጉብኝቱ ያጥራል፣ የተረፈው ሰዓት ሱቅ ይገባል። መስከረምና ጥቅምት ከመጣችሁ ጥሩ፤ በበጋ ከሆነ የአላታን ድንጋይ ድልድይ በእግር ቀስ ብላችሁ እንድታዩ አድርጊ፣ ሰዓቱ በዚያው ይሞላል።

4ኛ) ዕቃው። ጋቢ ለመግዛት ቅዳሜ ገበያ ብቻሽን ሂጂ፣ አማቶችሽ ሆቴል ይቆዩ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ጠርዙን ገልጠሽ ቁጠሪ። የእጅ ፈትል ወደ ብርሃን ሲያዙት ክሩ ወፈር ቀጠን ይላል። ከዘርፉ አንድ ክር መዘሽ አቃጥዪ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመዱ ይፈረፈራል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የጥለቱን ክር ለብቻ ሞክሪ፤ ገላው ጥጥ ሆኖ ጥለቱ የሚቀልጥ ብዙ ነው።

መስቀል ሲያሳዩሽ «የጠገራ ብር ነው» ይላሉ፤ የድሮው የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም ማለት ነው። ጠገራ ብር አንዱ 28 ግራም ያህል ነው፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። «ከአንድ ጠገራ የተሠራ» ያሉሽ መስቀል ሚዛን ላይ 60 ግራም ከመጣ ነገሩ አለቀ። በማግኔት አትመኪ፤ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬሉን ቅይጥም ማግኔት አይስበውም። ቅይጡን በቅይጥ ዋጋ መግዛት ነውር የለውም።

ትልቁ ጣጣ ብራና ነው። ጋይዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከገዳም የወጣ፣ 300 ዓመት የሆነው» ካለ ሁለት መንገድ ብቻ አለ። ውሸት ከሆነ በጭስና በቡና ውኃ ያስረጁትን በጥንት ዋጋ ገዛሽ። እውነት ከሆነ የተሰረቀ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አማትሽ ሻንጣውን በኤርፖርት ፍተሻ ከፍቶ ሲያስረዳ አስቢው። አዲስ የተሠራውም ያረጀ እስከመሰለ ድረስ ያስቆማል፤ የአውሮፕላን ሰዓት ደርሶ ነው ያ ሁሉ ምርመራ። ስለዚህ የሱቁ ስምና ቀን ያለበት፣ «አዲስ የተሠራ» ተብሎ የተጻፈበት ደረሰኝ ካልሰጠ ጥለሽ ውጪ። ደረሰኝ ሲሉት ፊቱን የሚያጨማድድ ሱቅ ምን እንደሚደብቅ ግልጽ ነው። ኋላ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደሽ ብታመለክቺም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ደረሰኙን ነው፤ ከሌለሽ «በስምምነት ነው የገዛችሁት» ብለው ይሸኙሻል፣ ያውም ቀና ብለው ሳያዩሽ።

5ኛ ብዬ ልጽፈው የነበረው የዘጌ ቡና ነው። ጥሬውን ግዢ፣ እዚያው ዘጌ ላይ። ከተማ ውስጥ ተፈጭቶ በሚያምር ከረጢት የታሸገው ከየት እንደመጣ ዱቄቱን አይተሽ አታውቂውም። ጥሬውን እፍኝ ዘግነሽ መዳፍሽ ላይ ዘርጊው፤ ፍሬው ግማሹ ትልቅ ግማሹ ደቃቃ፣ ቀለሙም የተለያየ ከሆነ ከብዙ ቦታ የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሻጭ ጋ እለፊ። ጀልባው ላይ ከረጢቱን ወለል ላይ አታስቀምጪ፣ ውኃ ይገባል።