ማግኔቱን አትፍታው

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ከአጎቴ ቤት ያነሳኋቸው ባለጡሩምባ ስፒከሮች አሉ። የቀኙ ጡሩምባ ከግራው ያንሳል። ቪዲዮ ላይ ‹ድራይቨሩን በታትነህ ማግኔቱን አጽዳው› ይላል። ልፍታው?»

አትፍታው፣ ልጄ። መልሱ ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ነገር ግን «የቀኙ ከግራው ያንሳል» የምትለው ነገር ደሴ ላይ በአንድ የጥገና ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ጥፋት አስታወሰችኝ። አሮጌ ስፒከር የምትነካኩ ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይከፋም።

እቃዎቹ ከአንድ የድሮ ሲኒማ አዳራሽ የወጡ ጥንዶች ነበሩ። ታች 15 ኢንች ዉፈር (የወፍራሙ ድምፅ ስፒከር)፣ ላይ በቅርጽ የፈሰሰ የአሉሚኒየም ጡሩምባ፣ ከጡሩምባው ጀርባ አሜሪካ ሠራሽ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል። 16 ኦም፣ የኮይሉ (የሽቦ ጥቅሉ) ስፋት 44 ሚሊሜትር፣ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ዲያፍራም እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳ አሉሚኒየም፣ ማግኔቱ አልኒኮ። አልኒኮ ማለት አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር የተቀላቀሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛየር (በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) የሻባ ግዛት ጦርነት ተነስቶ የኮባልት ዋጋ ሲሰቀል ትልልቆቹ ስፒከር ሠሪዎች ወደ ፌራይት፣ ሸክላ መሰሉ ማግኔት፣ ዞሩ። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው አልኒኮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ወሩ ነሐሴ ነው። የደሴን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በመስኮት ይገባል፣ ካቻቢቴው በሳምንት ውስጥ ቡናማ ይሆናል። የቀኙ ጡሩምባ ድምፅ ሲያንስ «እርጥበት ነው፣ የማግኔቱ ክፍተት ዝጓል» ተባለ፤ ክፍተት ማለት ኮይሉ የሚንቀሳቀስበት ጠባብ ቦታ ነው። ምርመራው እዚያው ቆመ። ኮይሉ በቴስተር ሲለካ 11 ኦም አነበበ። ለ16 ኦም ድራይቨር ይህ ጤነኛ ልክ ነው፤ ባለ 8 ኦሙ ደግሞ ከ5.5 እስከ 6.5 ያነባል። የኋላ ክዳኑ ተከፈተ፣ የዲያፍራሙ ቪቴዎች ወጡ፣ ዲያፍራሙ ተነሳ። ስንጥቅ የለው፣ የተፋቀ ኮይል የለው። ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ በጥፍር የምትነሳ ቡናማ ብናኝ ብቻ። እዚህ ላይ ክፍተቱን በፕላስተር ጠራርጎ መክደን ነበር።

አልተከደነም። ማግኔቱን የያዙት ቡሎኖች ተፈቱ፣ የላይኛው ሰሌዳ በእንጨትና በመዶሻ ተመትቶ ተነሳ፣ ማግኔቱ ከብረት ቤቱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም በብርጭቆ ወረቀት ታሸ፣ በቤንዚን ታጠበ፣ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። ከሰዓት በኋላ ተገጥሞ ሲሞከር ድምፁ ከጠዋቱም አነሰ።

ለምን? አልኒኮ ኃይሉን የሚጠብቀው ዙሪያውን በከበበው ብረት ነው። የማግኔቱ ጉልበት ከአንዱ ጫፍ ወጥቶ በብረቱ በኩል፣ በጠባቡ ክፍተት አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ ይመለሳል። ያን መንገድ ስትከፍተው ማግኔቱ ራሱን በራሱ ያዳክማል፤ መልሰህ ስትዘጋው ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ፌራይት በዚህ በኩል ይሻላል፤ እሱ ግን ሰሌዳዎቹ በማጣበቂያ የተያያዙ ስለሆኑ ከተላቀቁ ክፍተቱን መልሶ መሐል ማስያዝ በእጅ የሚሆን ሥራ አይደለም። የተዳከመ አልኒኮ የሚድነው ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በከባድ ኮይል ቅጽበታዊ ከፍተኛ ኮረንቲ ሲለቀቅበት ነው። ያ ማሽን ደሴ አልነበረም።

የባሰው የመጣው ቀጥሎ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈር፣ ቀጭኑን ለጡሩምባ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ላይ የጡሩምባውን ድምፅ የምትቀንስና የምትጨምር ክብ ማስተካከያ አለች፣ ኤል-ፓድ የምትባለው። እሷን ለማለፍ ሽቦው በቀጥታ ሲያያዝ የቀኙ ጡሩምባ በአንዴ ዘለለ። ማስተካከያዋ ስትከፈት ተንሸራታቿ ምላስ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። በሽታው እሷ ነበረች። የሁለት ብር የማይሞላ ነገር! የግራዋም ታለፈችና ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለኩ ቀኙ አሁንም በ3 ዴሲቤል ግድም አነሰ። ይህቺ 3 ዴሲቤል የጠጋኙ ሥራ ናት።

ከዚያ ጤነኛውን ወደ በሽተኛው ማውረድ ተመረጠ። ለ16 ኦም ድራይቨር 3 ዴሲቤል መቀነስ ሲፈለግ ባለ 4.7 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ባለ 39 ኦም በድራይቨሩ ትይዩ ይገባል። ገባ። የድምፁ መጠን እኩል ሆነ፣ ቀለሙ ግን አልገጠመም። ማግኔቱ የደከመ ድራይቨር ከመካከለኛው ይልቅ ላይኛውን ቀጭን ድምፅ የበለጠ ያጣል፤ ሬዚስተር ደግሞ ሁሉንም እኩል ነው የሚቀንሰው። ማሲንቆ ሲጫን በግራ በኩል የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲፍቅ ይሰማል፣ በቀኝ በኩል ማሲንቆው ጋቢ የለበሰ ይመስላል። ለባለቤቱ «እርጅና ነው» ተባለ። ያልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። አብሽር፣ የአንተ ገና አልተነካም።

መጀመሪያ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የቀኝና የግራ ሽቦዎችን አለዋውጥ፤ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ። ያነሰው ድምፅ ወደ ግራ ከተሻገረ ስፒከሩ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ነው። እዚያው ከቀረ ሁለት ረጅም ሽቦ ፈልግና የግራውን ክሮስኦቨር ከቀኙ ጡሩምባ፣ የቀኙን ከግራው አገናኝ። ያነሰው ድምፅ ወደ ግራው ጡሩምባ ከተሻገረ የቀኙ ክሮስኦቨር ነው፤ እዚያው ቀኙ ጡሩምባ ላይ ከቀረ ድራይቨሩ ነው። አምስት ደቂቃ። ያኔ ደሴ ላይ ይህቺ አምስት ደቂቃ ብትሠራ ኖሮ ማግኔቱ ዛሬም ጤነኛ ነበር። ዘንድሮ ግን አቦሉ ሳይቀዳ በረካውን የሚጠይቅ በዝቷል፤ ቪዲዮውም ከመሐል ነው የሚጀምረው፣ ካቻቢቴው ከገባ በኋላ።

ማስተካከያዋ ከሆነች የኮንታክት ማጽጃ ንፋባትና ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ጊዜ አዙራት። ከወር በኋላ ከተመለሰባት ጣላትና ቋሚ ሬዚስተር አስገባ። ጡሩምባ ከዉፈር በብዙ ዴሲቤል ስለሚጮህ መቀነሱ ግድ ነው። ለ8 ኦም ድራይቨር 6 ዴሲቤል ለመቀነስ 4 ኦም በተከታታይ፣ 8 ኦም በትይዩ። ለ10 ዴሲቤል 5.6 እና 3.6። የሽቦ ጥቅል የሆኑትን፣ ቢያንስ ባለ 10 ዋት፣ ከእንጨቱ ትንሽ ከፍ አድርገህ፤ ይሞቃሉ።

ካፓሲተር፣ ወደ ጡሩምባው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈው። በአሮጌ እቃ ላይ ኦሪጅናሉን አትንኩ የምል ሰው ነኝ፤ ካፓሲተር ላይ ግን ይህን አልልም። በክሮስኦቨር ውስጥ ያሉት ፖላሪቲ አልባ ኤሌክትሮላይቲክ ከሆኑ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ደርቀዋል፣ ድምፁ ሲደበዝዝ ጆሮ ለምዶት ነው። በፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተር ተኩ፣ ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን፣ ልኩን ሳትቀይሩ። «ትንሽ ቤዝ እንዲጨምር» ብሎ ማይክሮፋራዱን የሚያሳድግ አለ። ስሌቱን እንካችሁ፦ 159,000ን ለኦሙ፣ ያንን ደግሞ ለኸርዙ ብታካፍሉት ማይክሮፋራድ ይሰጣችኋል። 16 ኦም በ800 ኸርዝ ወደ 12.4፣ 8 ኦም ከሆነ ወደ 25 ነው። ካፓሲተሩን እጥፍ ስታደርጉት መቁረጫው፣ ማለትም ድምፅ ወደ ጡሩምባው መግባት የሚጀምርበት ልክ፣ ወደ 400 ኸርዝ ይወርዳል። ጡሩምባው ለ800 የተሠራ ከሆነ እዚያ ታች አየሩ ዲያፍራሙን አይዘውም፤ ዲያፍራሙ ባዶ ላይ ይወዛወዝና ጠርዙ እንደታጠፈ ቆርቆሮ ይሰነጠቃል። ቤዝ የሚፈልግ ዉፈሩን ያስተካክል። የዛሬ ልጆች ቤዝ ካልደበደባቸው ሙዚቃ የተጫነ አይመስላቸውም። ባቲና አምባሰል ግን ያሉት መሐል ላይ ነው፤ ድምፃዊውም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም። ጡሩምባ የተፈጠረው ለዚያ ቦታ ነው።

ድራይቨሩ ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ የኋላ ክዳኑን ክፈት። ጠረጴዛውን መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ የብረት ፍቅፋቂ ካለ ማግኔቱ ይጠራዋል። ዲያፍራሙ አጠገብ የብረት መሣሪያ አታስጠጋ፣ ካቻቢቴው ከእጅህ ተነጥቆ ገብቶ ይበሳዋል። የነሐስ ወይም የእንጨት ይሁን። ዲያፍራሙ ከመነሳቱ በፊት የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ለክፍተቱ የቀለም ቀቢዎችን የወረቀት ፕላስተር ወስደህ ሙጫው ወደ ውጭ እንዲሆን በቀጭን ካርቶን ላይ እጠፈውና ክፍተቱ ውስጥ ዙሪያውን አዙረው፤ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ቀይር፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አየር አትንፋበት፣ ብናኙን ወደ ውስጥ ነው የምትገፋው። ስትመልስ ቪቴዎቹን በአንዴ አታጥብቅ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅህ በሩብ ዙር። ጡሩምባው ላይ ገጥመህ ከስልክህ ከ800 እስከ 2,000 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገህ ልቀቅበት። እንደ ዝንብ ከጮኸ ኮይሉ እየነካ ነው፤ ቪቴውን ግማሽ ዙር ላላ አድርገህ ትንሽ ግፋው። በድራይቨሩና በጡሩምባው መካከል ያለችው ጋስኬት ከደረቀች አዲስ ቁረጥ፤ እዚያ አየር ካፈተለከ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው።

ጡሩምባው በጣት ሲመታ እንደ ደወል የሚጮህ ከሆነ የመኪና ከመነዳሪ ቀድደህ በውጭው ጀርባ ላይ በማስቲሽ ለጥፍ። ካትራሜም ይሠራል፣ ክፍሉ ግን ለወራት ይሸታል። ውስጡን በምንም አትቀባ፣ ስፖንጅም አትወትፍበት።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ሌላ ነገር አለ፦ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲቀየር የወረደውን ጡሩምባ ቤት ውስጥ መጠቀም። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር አላቸው፣ ለ100 ቮልት የድምፅ ማጉያ መስመር። 30 ዋት ላይ የቆመ ትራንስፎርመር ለአምፕሊፋየርህ 333 ኦም ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሹክሹክታ ብቻ ይወጣል። ትራንስፎርመሩን ካለፍከው ይጮኻል። ለአዛንና ለስብከት እንጂ ለሳሎን የተሠራ አይደለም፤ ከ300 ኸርዝ በታችም ከ6,000 በላይም ብዙ አትጠብቅበት። የአንዳንዱ ድራይቨር ጥርስ 1⅜ ኢንች ስለሆነ በጥሩ የቤት ጡሩምባ ላይ ይገባል፣ ስለገባ አትሸወድ። መንዙማ ብቻ ለሚሰማ ሰው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ጊዜ ሰምቼው ወድጄዋለሁ።

ባለ ብዙ ዋት አምፕሊፋየር አትግዙ። የአሜሪካዊው መሐንዲስ የፖል ክሊፕሽ የክፍል ጥግ ላይ የሚቆም ባለጡሩምባ ስፒከር ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ዋት ከ100 ዴሲቤል በላይ ሲጮህ ኖሯል። እንዲህ ላለው ስፒከር ትልቁ ጠላት የአምፕሊፋየሩ እምምታ ነው፤ በሌላ ስፒከር የማይሰማው ጡሩምባ ላይ ይሰማል። ወፍራም ባለወርቅ ሽቦም አትግዙ፣ ለአምስት ሜትር 2.5 ካሬ የቤት ሽቦ ይበቃል።

ለዓመታት ያልበራ አምፕሊፋየር ሶኬት ላይ በቀጥታ አይሰካ። መጀመሪያ ከጀርባው የቮልት መምረጫውን እይ፤ ለጃፓን ገበያ የወጣው 100 ቮልት ነው፣ የእኛ መስመር 220። ከዚያ የ60 ዋት ክር ያለው አምፖል በተከታታይ አስገባ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ንቀል። ስፒከር ከመገናኘቱ በፊት መውጫውን በዲሲ ለካ፣ ከ50 ሚሊቮልት ካለፈ ጡሩምባህን አታስጠጋው። ባለቱቦ ከሆነ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ 400 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ እጅህን አታስገባ። አንተ የጻፍክልኝ ትራንዚስተር ይመስለኛል።

የኮምቦልቻው ልጅ፣ ሽቦዎቹን አለዋውጠህ ድካሙ የትኛው ጎን እንደቀረ ጻፍልኝ። ክሮስኦቨሩ ከሆነ ማስተካከያዋን ብቻ ነቅለህ በኪስህ ይዘህ ወደ ደሴ ና፤ ድራይቨሩን ከጡሩምባው አታውርደው።